ሁለት መቶ ወይስ ስድስት መቶ

የካቲት 9፣ ሰኞ

ትናንት በቅበላው ሁለት ሠርግ ፎቶ አንሥቼ እግሬ አብጦ ገባሁ። ዛሬ ሁዳዴ ተያዘ። ከእንግዲህ እስከ ፋሲካ በደብረ ማርቆስ የሚያገባ የለም፤ ይህ የቀጠሮ ደብተርም ሃምሳ ምናምን ቀን ባዶውን ሊከርም ነው። ባዶ ገጽ አልወድም። ስለዚህ እጽፍበታለሁ። ማንም አያነበውም፤ ባለቤቴ ያለምወርቅ የእጅ ጽሑፌን «የሐኪም ማዘዣ» ነው የምትለው።

ዘንድሮ ግን ጾሙ ሥራ አያስፈታኝም። ልጄ ወንጌላዊት የትምህርት ቤቷ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በረኛ ሆናለች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በቁመት እኔን አልፋኛለች። ቅዳሜ የዞኑ የወጣቶች ውድድር ይጀመራል። ለመጨረሻው ጨዋታ የክልሉን የወጣት ቡድን የሚመርጡ ሰዎች ከባሕር ዳር ይመጣሉ ተብሏል። ከተመረጠች እዚያው እየተማረች ትሠለጥናለች። እኔ ደግሞ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ሳነሣ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ የሚሮጥ ሰው አንሥቼ አላውቅም። ሙሽራ አይሮጥም። ቅዳሜ አነሣለሁ። ከደስታዬ ብዛት ካሜራውን ዛሬ ሦስት ጊዜ ወለወልሁት።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ተሸነፉ። 1 ለ 0፣ በደጀን። ወንጌል አታናግረኝም። እራት አልበላችም። ነገ እጽፋለሁ።

ፎቶዎቹ ግን ቆንጆ ናቸው።

የካቲት 15፣ እሑድ

ልጻፈው፤ ካልጻፍሁት ያንቀኛል።

የሠርግ ሌንስ ካልተጠጉ አይሠራም። ሙሽራ ፊት ሁለት ሜትር ላይ ቆመህ ነው የምታነሣው። ስለዚህ ከጎሉ ጀርባ፣ መረቡ ሥር ሄጄ ተንበረከክሁ። የከለከለኝ የለም፤ ካሜራ የያዘን ሰው በሠርግም በሜዳም ማንም አይከለክለውም። ስልሳ ደቂቃ ሙሉ የልጄን ጀርባ አነሣሁ። ጀርባ፣ ጀርባ፣ ማሊያዋ ላይ ያለው ቁጥር አንድ፣ ደግሞ ጀርባ። ፊቷ የለም። የበረኛ አባት ሆኜ ፊቷ የሌለበት መቶ ፎቶ ይዤ ልግባ?

ከዚያ አፌ አመለጠኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በየድንኳኑ ስጮኸው የኖርሁትን ጮኽሁ፦ «ወንጌል፣ ወዲህ እይኝ፣ ፈገግ በይ።»

ይህን ድምፅ የሰማ ሙሽራ ሁሉ ይዞራል። ሚዜውም፣ አማቱም፣ ወጥ የሚያቀርበውም ይዞራል። እሷ ደግሞ ከጥምቀቷ ጀምሮ በዚህ ድምፅ ስትነሣ ያደገች ልጅ ናት። ዞረች፤ ፈገግም አለች። ኳሷ በጆሮዋ በኩል አልፋ መረቡ ውስጥ እኔው ፊት አረፈች።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ባትዞርም ያ ኳስ ይገባ ነበር። አጥቂዋ ከሩቅ ነው የመታችው፣ ንፋስም ነበረ። ከባድ ንፋስ። ይህን ለያለምወርቅ ነገርኋት። «እ» አለችኝ።

ፎቶው አለ። ጥርሷ፣ ዓይኗ፣ ከትከሻዋ በላይ አየር ላይ ያለችው ኳስ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ፎቶ በሕይወቴ አንሥቼ አላውቅም። ለማንም አላሳየሁትም። አልሰረዝሁትምም።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

አሠልጣኟ ምሥራቅ ሱቄ ድረስ መጣች። የስፖርት አስተማሪያቸው ናት፤ ከቁመቷ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ግን ከኔም ይበልጣል።

«ጋሽ ደርቤ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከእንግዲህ መስመሩ አጠገብ እንዳይደርሱ።»

«ታዲያ ከየት ሆኜ ላንሣ?»

«ከሜዳው ጫፍ ካለው ባሕር ዛፍ ወዲያ።»

«ከባሕር ዛፉ ወዲያ እኮ የሰው ማሳ ነው።»

«እንግዲያው ባሕር ዛፉ ሥር። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ልጅቷም ጠይቃኛለች።»

ልጅቷ የምትለው ልጄን ነው።

ማታ ማዕድ ላይ ወንጌል ለእናቷ «ለአባዬ ንገሪው፣ ጭራሽ እንዳይመጣ» አለቻት። እኔ እዚያው ነኝ። እጄ ሽሮው ውስጥ ነው። ያለምወርቅ ወደኔ ዞር ብላ «ጭራሽ አትምጣ ተብለሃል» አለችኝ፣ እንዳልሰማሁ ሁሉ።

ዛሬ ከጎኔ ካለው ጸጉር አስተካካይ ቤት በግድግዳው በኩል የሰማሁት፦ «ያቺ አባቷ ያስገባባት በረኛ የት ክፍል ናት?» ደግሞ ሳቅ። ትምህርት ቤት ውስጥ «ፈገግ» እያሉ ይጠሯታል አሉ። ይህን የነገረችኝ ያለምወርቅ ናት። ይቅርታ ጠይቃት አለችኝ። ለምኑ ነው የምጠይቀው? ንፋስ ላስገባው ኳስ?

የካቲት 20፣ ዓርብ

አገኘሁት። ስገላበጥ አድሬ አገኘሁት። ጥፋቱ የሌንሱ ነው። የሠርግ ሌንስ ይዞ ኳስ ሜዳ የገባ ሰው መጠጋቱ አይቀርም፤ ከተጠጋ ደግሞ መናገሩ አይቀርም። ሩቅ የሚያይ ሌንስ ቢኖረኝ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ የግንባሯን ላብ ሳይቀር አነሣ ነበር።

ወዲያው ለየሺዋስ ደወልሁ። ድሮ እዚሁ ሱቅ ረዳቴ ነበር፤ አሁን አዲስ አበባ ያገለገሉ ካሜራዎችን ይሸጣል። «ጋሼ፣ ሁለት አሉኝ» ሲለኝ ልቤ ዘለለች።

አንደኛው ባለ ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር ነው። አፉ ሰፊ ስለሆነ ብርሃን እንደ ልብ ያስገባል፤ ደመና ቢሆን፣ ሊመሽ ቢል ግድ የለውም። ግን መስመሩ ጫፍ ድረስ መጠጋት ይፈልጋል። ሁለተኛው ባለ ስድስት መቶ ነው። ባሕር ዛፉ ሥር ሆኖ የሰው ሽፋሽፍት ያስቆጥራል። ግን ፀሐይ ካጣ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ጭስ ይሆንበታል። ሁለቱም ብርቅ ናቸው። ሁለቱንም ፈለግሁ። የሚሰጠኝ አንዱን ነው፤ በትርፍ ካሜራዬ ለውጥ፣ ሞክሬ ካልተስማማኝ እንድመልስ።

«እርስዎ ከየት ቆመው ነው የሚያነሡት?» አለኝ።

«እሱን አጣርቼ እደውልልሃለሁ» አልሁት።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

አልሄድሁም። ሱቅ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ ሜዳው ሰጠሁ። ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትልቅ ጩኸት ተሰማ። ለማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ጉርድ ፎቶ ልትነሣ የገባች ሴትዮ «ምነው ፈዘዝህ፣ አንሣኝ እንጂ» አለችኝ። ዓይኗ ተጨፍኖ ወጣ። ደግሜ አነሣኋት።

2 ለ 0 አሸንፈዋል። የሰማሁት ከጸጉር አስተካካዩ ነው።

የካቲት 23፣ ሰኞ

ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሜዳው ሄጄ ከባሕር ዛፉ እስከ ጎሉ በእርምጃ ለካሁት። መቶ ዐሥራ ሁለት። ተመልሼ ደገምሁት፤ መቶ ዐሥራ ሁለት።

ሦስት ላሞች ሜዳው ላይ የለቀቁ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆይተው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ መሬቱ ለማን ሊሰጥ ነው?»

«ለማንም አይሰጥም አባቴ። ለፎቶ ነው የምለካው።»

«ለፎቶ ደግሞ መሬት ይለካል?»

ነገሩን አስረዳኋቸው። ልጄ እዚያ ጎል ላይ ትቆማለች፣ እኔ እዚህ ዛፍ ሥር እሆናለሁ፣ ስለዚህ ሩቅ የሚያይ ሌንስ ልገዛ ነው አልኋቸው። በደንብ ሰሙኝ። ከዚያ «ታዲያ ለምን ጠጋ አትልም?» አሉኝ።

ሥራ አለብኝ ብያቸው ሄድሁ።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ከጠዋት ጀምሬ አስባለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ከስድስት ሰዓት በኋላ ያሰብሁት አይቆጠርም።

ለባለ ሁለት መቶው፦ ብርሃን። ጨዋታው የሚጀመረው ዐሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ሲያልቅ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። መጋቢት ሲጋመስ ደግሞ ደመና አለ።

ለባለ ስድስት መቶው፦ መቶ ዐሥራ ሁለት እርምጃ። በባለ ሁለት መቶው ከባሕር ዛፉ ሥር ባነሣት ልጄ ጉንዳን ታክላለች።

ባለ ሁለት መቶ ገዝቼ መስመሩ ድረስ ብጠጋስ? አይሆንም። ተነግሮኛል። የአሠልጣኟን ቃል ማክበር አለብኝ። ጨዋ ሰው ነኝ።

ባለ ስድስት መቶው ይሁን። አለቀ። ለየሺዋስ ደወልሁ፤ ቅዳሜ በአውቶቡስ ይልከዋል። ደስታዬን ለያለምወርቅ ልነግራት ሄድሁ። ለሥራ ነው፣ የውድድሩ ኮሚቴ ፎቶ መፈለጉ አይቀርም፣ ለምስክር ወረቀቱም ለምኑም አልኋት።

«ኮሚቴው ጠይቆሃል?»

«ገና አልጠየቀኝም።»

«ሦስት ኪሎ ሌንስ ከምትሸከም ሁለት ቃል ብትናገራት አይቀልህም?» አለችኝ። የሷ ነገር ሁሌ እንዲህ ነው። ከሌንስ ጋር ምን አገናኘው?

የካቲት 30፣ ሰኞ

ሌንሱ መጣ፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት እንጂ። አውቶቡሱ ቅዳሜ ሉማሜ ሲደርስ መንገድ ተዘጋ ተብሎ እዚያው አደረ፤ ሹፌሩም ዕቃዬን ሻይ ቤት አስቀምጦልኝ ተመለሰ። ትናንት በሚኒባስ ሄድሁ። ባለ ሻይ ቤቷ ትሕትና ሌንሱን በዳቦ መሶብ ውስጥ አድርጋ በነጠላ ሸፍናዋለች። «አልነካሁትም፤ መሣሪያ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። በእውነትም ያስፈራል፤ ነጭ ነው፣ ክንዴን ያህላል። በመመለሻው መንገድ ሁሉ ታቅፌው መጣሁ።

ዛሬ ሱቄ በር ላይ መቆሚያው ላይ ተክዬ ሞከርሁት። አቤት፣ አቤት። የታችኛው አስፋልት ላይ የሚሄደውን ባጃጅ ሰሌዳ አነበብሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ ያለች ወፍ ዓይኗን ስታሽከረክር አየሁ። ወደ ጉሊቱ ባዞረው ያለምወርቅ ቲማቲም ትመርጣለች። ስልክ ደወልሁላት።

«በግራ እጅሽ የያዝሽውን ተይው፤ ፈርጧል።»

አገላብጣ አየችው። ግራ ቀኝዋን ቃኘች። «አንተ ሰው፣ የት ሆነህ ነው?»

«ሱቄ።»

ስልኩን ዘጋችብኝ። ቲማቲሙን ግን ቀየረችው። እንዲህ የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ለዕድር ስብሰባ ነው ብዬ ወጣሁ። ባሕር ዛፉ ሥር ተተከልሁ።

ከደብረ ወርቅ ጋር ነው የሚጫወቱት። ፀሐይዋ ከጀርባዬ። ንፋስ የለም።

አሁን ገብቼ ነው የምጽፈው። ኳስ እንዲህ መሆኑን እስከ ዛሬ ሳላውቅ መኖሬ! አንዷ ስትዘል ሁለት እግሯ ከመሬት ተነሥቶ፣ የታኬታዋ አፈር ገና አየር ላይ ሆኖ፣ ቀጥ። ኳስ በግንባር ስትመታ ኳሷ ራሷ ጠመም ስትል፣ ቀጥ። ሙሽራ ቁም ሲሉት ይቆማል፤ እነዚህን ያቆምኋቸው እኔ ነኝ፣ ያለ ቃል። ወንጌልንም ያዝኋት፤ በግራዋ በኩል ጠለቀች፣ ጣቷ ጫፍ ላይ ኳሷ አለች፣ ምላሷ በጥርሷ መካከል ወጥቷል። ሕፃን ሳለች ፊደል ስትጽፍ እንዲህ ነበር የምታወጣው።

1 ለ 1። በነጥብ አለፉ። ማንም አላየኝም።

መጋቢት 6፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ከቅዳሴ መልስ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጉልቼ አየሁ። ሦስት መቶ ሃያ ናቸው። አንድ ጉድለት አግኝቻለሁ። ኳሱ ወዲያ ማዶ ሲሆን ወንጌል አንገቷን አዙራ ከመረቡ ጀርባ ታያለች። እዚያ ማንም የለም። አንድ ጊዜ ቢሆን አልቆጥረውም ነበር፤ ዐሥራ አንድ ፎቶ ላይ ነው። መራጮች ይህን ቢያዩ ሐሳቧ ተበትኗል ይላሉ። ለምሥራቅ ልነግራት አስቤ፣ እኔ እዚያ እንዳልነበርሁ ትዝ አለኝ።

ለያለምወርቅ አሳየኋት። ዕድር የሄደ ሰው ይህን ሁሉ ፎቶ ከየት አመጣው አላለችኝም።

«ምን የምታይ ይመስልሃል?» ብቻ አለችኝ።

«ኳስ አቀባዮቹን ይሆናላ።»

ትንሽ አየችኝና ሳሕኑን አነሣች።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

አሸነፉ። 1 ለ 0፣ ብቸናን። ለመጨረሻው ጨዋታ አለፉ። ከተማው እየጮኸ ነው፣ ባጃጁ ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። ደስ ብሎኛል።

ሰማዩ ከጮቄ ተራራ በኩል ጠቁሮ ነበር የመጣው። ሌንሱ የየሺዋስን ቃል ፈጸመ፤ ሁሉም ጭስ ሆነ። አንድ የሚረባ ፎቶ የለኝም።

ሌላም ነገር አለ። በሁለተኛው አጋማሽ የብቸናዋ አጥቂ ከወንጌል ጋር ተጋጨች። ወንጌል ወደቀች። ፊቷን ይዛ ወደቀች። በሌንሱ ሳያት አጠገቤ ናት፤ ከንፈሯ ደምቷል፣ አፏ ይንቀሳቀሳል። ምሥራቅ ውኃ ይዛ ሮጠች። ልጆቹ ከበቧት። እኔ ባሕር ዛፉ ሥር ነኝ። እግሬን ላነሣ ስል አትምጣ መባሌ ትዝ አለኝ፤ ደግሞም እኮ እዚያ የለሁም። ጣቴ ግን አልቆመም። ገብቼ ስቆጥረው አርባ ፎቶ አንሥቻለሁ። ልጁ የወደቀችበት አባት አርባ ፎቶ ያነሣል?

ማታ ከንፈሯ አብጦ ገባች። «ምን ሆንሽ?» አልኋት፣ እንዳላየ ሰው።

«ምንም።»

መጋቢት 13፣ እሑድ

ዛሬ ያሰብሁት ስለ ብርሃን ብቻ ነው። ለየሺዋስ ደወልሁ።

«ባለ ስድስት መቶውን አልወደዱትም ጋሼ?»

«ብርሃን አነሰው። ባለ ሁለት መቶውን ላክልኝ።»

«ደግ። እሱ እንኳን ለደመና ለማታም አያንስም። ግን መጠጋት አለብዎት። ይፈቅዱልዎታል?»

«እነማን?»

«የሜዳው ሰዎች ነዋ።»

«እሱን ለኔ ተወው» አልሁት።

አርባዎቹን ፎቶዎች ሰረዝኋቸው።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

መራጮቹ ከየቡድኑ የተጫዋቾች ጉርድ ፎቶ ጠይቀዋል። ምሥራቅ ሁሉንም ወደኔ ላከቻቸው። ዐሥራ ስድስቱ እየተሳሳቁ ገብተው ተነሥተው ወጡ። ዐሥራ ሰባተኛዋ በር ላይ ቆማ ጓደኞቿ እስኪርቁ ጠበቀች።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ላይ ቁስሉ ገና አልጠፋም። ካሜራውን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። ለሌሎቹ ሁሉ «ወዲህ እይኝ» ስል ውያለሁ። ለሷ አፌ እምቢ አለኝ። እሷም ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

«ምን ልሁን?» አለችኝ በመጨረሻ። ከወር በላይ ሆኖናል፤ ከ«ምንም» ሌላ ቃል አልሰማሁም ነበር።

«እንደ ፈለግሽ ሁኚ።»

«ለጉርድ ፎቶ እንደ ፈለጉ አይኮንም አባዬ።»

ካሜራውን አወረድሁት። «ወንጌል፣ ያ ጎል የኔ ነው። ንፋስ አልነበረም። እኔ ጠራሁሽ፣ አንቺ ዞርሽ። ይቅር በይኝ።»

የወጣኝ ይኸው ነው። ሠላሳ ሦስት ቀን የፈጀብኝ ነገር።

«አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃል። ትምህርት ቤት ሲስቁብኝ ውለው ቤት ስገባ አንተ ደግሞ ንፋስ፣ ንፋስ ትላለህ። ያናደደኝ እሱ ነው።»

«ልክ ነሽ።»

«ዛፉ ሥርም ነበርህ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ያን የሚያህል ነጭ ነገር ተክለህ ማን አያይህም? የደብረ ወርቅ ልጆች ቀያሽ ነው ወይ ብለው ጠይቀውናል።»

ልስቅ ስል ፊቷን አይቼ ተውሁት። ዓይኗ ሞልቷል።

«ስወድቅ ለምን አልመጣህም?»

«አትምጣ ብለሽኝ ነዋ።»

«ስወድቅም?»

በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ካሜራውን አየችው።

«ቅዳሜ ና። ከጎሉ ጀርባ ሁን። ለአሠልጣኟ እኔ እነግራታለሁ። ግን ድምፅህን እንዳልሰማ።»

አነሣኋት። አልሳቀችም፣ አላኮረፈችም። ለጉርድ ፎቶ የሚፈለገው እንዲያ ነው።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ባለ ሁለት መቶው ገባ። ከባድ፣ ወፍራም፣ አፉ የብርጭቆ ያህል ሰፊ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከሱቄ በር ሊስትሮዎቹን አነሣሁ፤ ጨልሞ እንኳ ጣታቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንቅልፍ የሚባል አይመጣም ዛሬ። ያለምወርቅ «ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?» ትለኛለች።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ስምንት ሰዓት። ሰማዩ ደምኗል። ግድ የለም። ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ካርድ፣ ሌንስ መወልወያ። ያለምወርቅም ትመጣለች። እጄ ላይ ያለው ላብ ነው፣ ገጹን አርጥቤዋለሁ።

ማታ።

ከሉማሜ ጋር ነበር። ሰዉ መስመሩን ረግጦ ቆሟል። መራጮቹ ሦስት ናቸው፤ አንዷ ሴት ናት፣ ከፊታቸው ጠረጴዛ ተዘርግቷል። እኔ ከጎሉ ጀርባ ገባሁ፤ ወንጌል አይታኝ ራሷን ነቀነቀችና ጓንቷን አጠለቀች። የካሜራው ማንገቻ ቆዳ ስለሆነ በጥርሴ ነከስሁት። አፌን የማምነው አይደለሁም።

ሰባው ደቂቃ 1 ለ 1 አለቀ። ምን እንደሆነ ልንገር ብል አልችልም፤ ያየሁት በትንሿ ቀዳዳ በኩል ነው። አፈር፣ ጉልበት፣ የልጄ ጀርባ። ዛሬ ጀርባዋ አላናደደኝም። ትከሻዋ ከፍ ሲል መፍራቷን፣ ዝቅ ሲል ኳሷ መራቋን ለየሁ። አንድ ጊዜ የሉማሜዋ ዐሥር ቁጥር ብቻዋን አምልጣ መጣች። «ወደ ቀኝ ነው» ልል ጥርሴ ቆዳው ውስጥ ገባ። ሳልናገር ወደ ቀኝ ሄደች።

ከዚያ ሪጎሬ። አምስት አምስት። ባጃጆቹ እንኳ ሞተር አጠፉ። የመጀመሪያውን አገቡ፤ እኛም አገባን። ሁለተኛውን መለሰችው። በሁለት እጇ፣ በደረቷ፣ መለሰችው። ያለምወርቅ ከሕዝቡ መካከል የጮኸችው ጩኸት እኔ ድረስ ይሰማል። እኔ ድምፄ አልወጣም። እንባዬ ቀዳዳውን አደበዘዘው እንጂ። የኛ ሁለተኛም ወጣ። ሦስተኛውን አገቡ፣ እኛ ደግመን ሳትን። አራተኛውን ደግሞ መለሰች፣ በእግሯ ጫፍ፣ ወድቃ ሳለች። እኛ አገባን። ሁለት እኩል። አምስተኛውን የሉማሜዋ ዐሥር ቁጥር በላይኛው ማዕዘን አስገባችው፤ እሱን ማንም አይመልሰውም። የኛዋ የመጨረሻ መቺ ኳሷን ባሕር ዛፉ ድረስ ሰደደቻት። ሦስት ለሁለት። አለቀ።

ሉማሜዎች ተቆለሉ። የኛዎቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። ወንጌል የጎሉ መስመር ላይ ለብቻዋ ቆማ ቀረች። በሌንሱ ይዣታለሁ፣ አነሣለሁ። ዞረች። መረቡን ዞራ ወደኔ መራመድ ጀመረች። ፊቷ አፈርና እንባ ነው፤ አነሣለሁ። ምሥራቅ ከመሀል ሜዳ «ወንጌላዊት፣ መራጮቹ ስምሽን ይፈልጋሉ፣ ነይ» ብላ ተጣራች። ያ ድምፅ ከተማውን ያዳርሳል። እሷ አልዞረችም፣ መምጣቷን ቀጠለች። አነሣለሁ፣ አነሣለሁ፣ ከዚያ ደበዘዘች። ሌንሱን አዞርሁት፣ መለስሁት፣ እምቢ አለ። ተበላሽቶ መስሎኝ ደነገጥሁ። ካሜራውን ከዓይኔ ሳወርድ ለካ ፊቴ ቆማለች።

«አየኸኝ?» አለችኝ።

ቆዳው ገና በጥርሴ ነው። አወጣሁት። «አየሁሽ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

ጭቃ በጭቃ የሆነውን ጓንቷን አንገቴ ላይ ጠምጥማ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ቁመቷ ስለሚበልጠኝ ጎንበስ ማለት ነበረባት። ካሜራው በመካከላችን ደረቴን ወጋኝ። ምሥራቅ ደግማ ጠራች። ልሂድ አላለችም፣ ሂጂ አላልኋትም።

ማታ ለየሺዋስ ደወልሁ። ይህ ሌንስ ለካ ከአንድ ሜትር ተኩል ወዲህ የቀረበን ሰው አይዝም። «ሳልነግርዎ ረስቼው ነው፤ ከፈለጉ ይመልሱት» አለኝ። አልመልስም አልሁት።